መሃሉን ጻፊ

በየጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ በየማታው አስራ ሁለት፣
ወደቡ ጥግ እወርዳለሁ፤ የብረት ዘንግ አለ እዚያ፣ ቁጥር የተጻፈበት።
እምቦጩን በዱላ ገፍቼ፣ ጣና የት እንደ ደረሰ አያለሁ፣
በእርሳስ፣ በሴንቲ ሜትር፣ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ።
አስራ ዘጠኝ ዓመቴ።

ሥራውን ያስረከበኝ ጋሽ እንየው፣ ጡረታ ሊወጣ ሲል፣
«ውሃ ዝም ብሎ አይለካም» አለኝ፤ «አንዴ ይዘላል፣ አንዴ ይጎድላል።
ላዩን አይተሽ፣ ታቹን አይተሽ፣ ለመጠበቅ አትስነፊ፤
አንዱን ብቻ አትያዢና መሃሉን ጻፊ።»

በየካቲት፣ ገላዬን ስታጠብ፣ በግራ ጡቴ፣ ወደ ብብቴ ጠጋ ብላ፣
ጣቴን አንዲት ነገር አቆመችው፤ የምታህል ባቄላ።
ቀበሌ አስራ አራት ያለው ክሊኒክ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ አየኝ፤
«ውሃ የቋጠረች ናት፣ አይዞሽ» ብሎ ወረቀት ሰጠኝ።
ውሃ ከሆነችማ፣ አልኩ፣ የኔው ዘመድ ናት፤
ሙዝ ገዝቼ፣ ባጃጅ ይዤ ገባሁ ቤት።

በሳምንቱ ትልቁ ሆስፒታል፣ ጡቴን በሁለት ሰሌዳ መሃል አጣብቆ፣
«ያጠራጥራል» አለ ሐኪሙ፣ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ።
ከዚያ በመርፌ ቀዱ። የመርፌው መልስ «በቂ አልተገኘም» ይላል።
ስንት ነው በቂ?
«በነሐሴ ተመለሽ፤ ያኔ ይታያል።»

ኮሪደሩ ላይ አንዲት የደራ ሴት፣ ፖስታዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣
«ያንቺስ ምን አለ?» አለችኝ። «አላወቀም» አልኳት።
«የኔም እንደዚያው» ብላ ጠጋ አለችልኝ፤
አግዳሚው ጠባብ ነበር፤ ትከሻዋ ሞቀኝ።

የሚጠራጠረው ወረቀት ላይ ስሜ ተሳስቷል፤
እኔ ጥሩሰው ነኝ፣ እሱ «ጥሩነሽ» ይላል።
ሳምንት ሙሉ በዚያ ተጽናናሁ፤ የሌላ ሴት ነው እያልኩ፤
ከዚያ ለዚያች ለማላውቃት ጥሩነሽ ማዘን ጀመርኩ።

አንዳርጌ ደጉን ወረቀት አጥፎ ከመታወቂያው ጋር ኪሱ ከተተው፤
ክፉውን ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ሻንጣ ሥር ሸጉጦ፣ እንዳላየ ሆኖ ተወው።
እህቴ ይታክቱ ጠበል ትላለች፤ ባልደረባዬ አዲስ አበባ ትላለች፤
ልጄ ስምረት ምንም አትል፤ ሌሊት ብርድ ልብሷ ውስጥ የስልክ ብርሃን ታበራለች።

እኔ ደግሞ ማታ ማታ የለመድኩትን ሞከርኩ፤
«አይዞሽ»ን ላይ፣ «ያጠራጥራል»ን ታች አድርጌ፣ መሃሉን ፈለግኩ።
የለም።
ግማሽ ባቄላ የለም፤ ሲሶ ታማሚ የለም፤
ሰው እንደ ሐይቅ ተደምሮ ለሁለት አይካፈልም።

ጋሽ እንየው ዘንድ ሄድኩ፣ ሽምብጥ። ዓይኑ ደክሟል፤ በድምፄ ለየኝ።
ስለ ጡቴ አልነገርኩትም፤ አፉን አላስችል አለኝ።
«ንባቡ እምቢ ካለስ» አልኩት፣ «ላዩና ታቹ ከተራራቀ?»
ሳቀ።
«መዝገቡ ዳር ጠባብ ዓምድ አለች፣ አስተያየት የምትል፤ ረሳሻት?
አላውቅም ማለትም ንባብ ነው፤ ጻፊና ቀን ቁረጪላት።»
ልወጣ ስል፣ «ደህና ነሽ ግን?» አለኝ።
«ውሃው ነው» አልኩት።

ሰኔ ጣና ወረደ፤ ድንጋዮቹ ወጡ፣ ሻላዎች ቆሙባቸው።
ሐምሌ መጣ፤ ውሃው አንድ በአንድ መልሶ ሸፈናቸው።
አንዳንድ ቀን ረስቼያት እውላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ከዘንጉ በፊት እሷን እነካለሁ፤
አድጋለች? አላደገችም? ጣቴም ማዕበል ሆኗል፤ እጄን መልሼ አወጣለሁ።

ዛሬ ነሐሴ አስራ አንድ። ነገ ነው ቀጠሮዬ።
አንዱን ከአንዳርጌ ኪስ፣ ሌላውን ከሻንጣው ሥር አውጥቼ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው፣ በቦርሳዬ።
ስምረት «አብሬሽ ነኝ» ብላለች፤ ጫማዋን ከአሁኑ አጥባለች።

ነፋሱ ከዘጌ በኩል ነው። ዘንጉ ላይ ውሃው ይዘላል።
ትንሽ ጠበቅሁ። መሃሉን ጻፍኩ፤ ለሐይቁ ይበቃል።
ከዚያ በጠባቧ ዓምድ፣ አለቃ በማያነባት፣
እርሳሴን ምራቅ አስነክቼ፦

ማዕበል አለ። ነገ በድጋሚ ይነበብ።