አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር

ኤርደነት፣ ጥር ወር። ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት።
የመስኮቱ ጠርዝ ከውስጥ በኩል አብቅሏል የበረዶ ሽበት።
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ባዶ ወለል መሀል፣ ካልሲዬን አውልቄ፣
የሱፍ ምንጣፉን፣ ብልጭታ እንዳይወልድ፣ ጠቅልዬ አርቄ፣
ቁልቁል አያታለሁ፣ ሰባት ወር ሙሉ የሰበሰብኳትን፣
ማዘርቦርዷን ከዳርካን፣ ሳጥኗን ከድንበር፣ ራሟን ከጓደኛ የለቀምኳትን።

በመጨረሻ የመጣችው የምስል ካርዷ ናት።
ባትቱልጋ የሚሉት ሰው ጋራዡ ውስጥ ሃያ አራቱን ደርድሮ
ሁለት ክረምት ሳንቲም አስቆፍሯታል፣
የማይጨበጥ ሳንቲም፣ ከቁጥር ፈልፍሮ።
ገበያው ሲወድቅበት በካርቶን ሰብስቦ በርካሽ ሸጣት።
«አልደከመችም» አለኝ። አመንኩት። አቧራዋን በብሩሽ ጠረግሁላት።

ቁልፉን ተጫንኩ።
ማራገቢያዎቹ ዞሩ፣ መብራቱ በራ፣
ስክሪኑ ግን ጥቁር፣ እንደ መዳቡ ጉድጓድ በሌሊት ተራ።
ከማዘርቦርዷ ጥግ አንዲት ቀይ ነጥብ።
ከዚያ ድምፅ፦
        አንድ ረጅም፣
        ሁለት አጭር።
ያልሰማሁ መስሎት ይሆን፣ ደገመው።

መመሪያውን አውቃለሁ፦ ምስል የሚሰጠው አልተገኘም ማለት ነው።
አለች እኮ! እዚሁ! ክብደቷ ጡብ ነው!

ነቅዬ ተከልኳት፣ ጠቅ እስክትል ገፋሁ፣
የወርቅ ጥርሶቿን በላጲስ አሸሁ፣
የኃይል ገመዷን በሌላ ለወጥኩ፣
ባትሪውን አውጥቼ አስር ደቂቃ ጠበቅሁ፣
ትርሳው ብዬ፣ ሁሉን ትርሳው፣ ቀኑንም ሰዓቱንም።
ረሳችው። ቀኗ ወደ ተሠራችበት ዓመት ተመለሰ።
ድምፁን ግን አልረሳችም።
ካርዷን አውጥቼ ስክሪኑን ከማዘርቦርዱ ወገብ ስሰካው ይበራል፤
ካርዷን ስመልሳት ይጨልማል።
እንግዲህ ሌላው ሁሉ ጤነኛ ነው። ሕመሙ እሷ ጋ ነው።
ወርቋን አያለሁ፤ የጠፋኝ ሰሟ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል አባቴ ከፈረቃ ገባ፣ ቅንድቡ ላይ በረዶ፣
ቹሉን ነው ስሙ፣ ድንጋይ ማለት ነው፣
ድንጋይ ያፈነዳል፣ ሠላሳ ዓመት ለምዶ።
ቦት ጫማውን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ አደመጠ።
«እኛ ጋ አንድ ረጅም ሽሽ ነው፣ ሦስት አጭር ተመለስ።
ይሄ ምን ይባላል? ግማሹ ሂድ ይላል፣ ግማሹ ድረስ።»

አልሳቅኩም።
ከቴርሞሱ ጨው ያለበትን የወተት ሻይ ቀድቶ አጠገቤ ተቀመጠ።
«የማን ነበረች?»
«የቆፋሪ።»
«ምን ቆፈረባት?»
«ቁጥር።»
ረጅም ዝም አለ።
«ከጉድጓድ የወጣ ሰው ቤቱ ገብቶም ይቆፍራል» አለ፣
«እንቅልፉ ውስጥ ትከሻው ይንቀሳቀሳል፣ እናትሽን ጠይቂ።
ፈረቃው አልቋል በያት።»

ባነንኩ።
አንዳንድ ካርድ ሁለት ትዝታ አላት፦
አንዱን ይዛው ትወለዳለች፣ ሌላውን ጌታዋ ይጽፍባታል፣
ለቁፋሮ ብቻ፤ ምስል ማውጣትን ያስረሳታል።
በመካከላቸው ማብሪያ አለ፣ ከገብስ ፍሬ ያነሰ።
የስልኬን መብራት ይዤ ጠርዟን ሁሉ አሰስኩ፣ ዓይኔ ፈሰሰ።
እሱ ተቀበለኝ። መብራት አልፈለገም።
ጥፍር የሌለው አውራ ጣቱ በጠርዟ ላይ ተጓዘ፣
በጨለማ ክር እንደሚፈልግ፣
ቆመ።
«ይቺ ምንድን ናት?»

ጠቅ።

ሰካኋት። ቁልፉን ተጫንኩ። ቀይዋ ነጥብ በራች፣ ጠፋች።
አንድ አጭር ድምፅ። ከዚያ ስክሪኑ ነጋ፣ ፊታችን ላይ ሰማያዊ ፈሰሰ።
«አንድ አጭርስ?» አለ።
«ምንም። ደህና ነኝ ማለት ነው።»
ራሱን ነቀነቀ። ቦት ጫማውን አሁን አወለቀ።

ከግድግዳው ማዶ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ።
ጨዋታውን ልጭን ነበር፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ።
ሳሉ መጣ፦
        አንድ ረጅም፣
        ሁለት አጭር።

ማራገቢያዎቹ ይጮሃሉ።
አጠፋኋት፣ በደንብ እንድሰማ።