አምስት በመቶ

ሐምሌ ነው፤ የሻርጃ ወበቅ መስታወቱን አላበው፤
እኛ የምንሸጠው ብርድ ልብስ ነው።

ዓርብ ዓርብ ይመጣሉ፣ ሰው ቤት የሚሠሩቱ፣
ከሻሻቸው ጫፍ ድርሃም እየፈቱ፣
ቀዩ ለናት ይሁን ቡኒው፣ እየተሟገቱ።
መቶ ነው ሲሉኝ መቶ አምስት እላለሁ፤
«አምስቷ የመንግሥት ናት፣» ብዬ ፊቴን አዞራለሁ።

ማታ መዝጊያው ሲወርድ ጋሽ ሙዘይን ይመጣል፤
መነጽሩን ይጠርጋል፤
ከማሽኑ ሆድ ገብቶ የቀኑን ሽያጭ እኩሌታ ያጠፋል።
አረንጓዴው ደብተር ለተቆጣጣሪ ዓይን፣
ጥቁሩ ለጋሽ ሙዘይን።

ምናለ ክፉ ሰው በሆነልኝ!
ካፊሌ ፓስፖርቴን ቀምታ በውድቅት ስታባርረኝ፣
መኪናውን አስነሥቶ የመጣ እሱ ነው፤
የእናቴን ዓይን ሞራ ያስገፈፈው ብር የሱ ነው።
«የበላችበትን ወጭት ሰባሪ» ቢሉኝ ምን እላለሁ?
ወጭቱስ፣ እሺ፣ የሱ ነው።
እህሉ የማን ነው?

የጥቆማዋ ቁጥር አራት ቀኗ መዳፌ ላይ፤
በላብ ትጠፋለች፣ እንደገና እጽፋለሁ።
ስልኩን አነሳለሁ፣ መልሼ እጥላለሁ።

ቃሏ ናት የምታስፈራኝ። ጥቆማ።
አጎቴ እንድሪስን፣ ኮምቦልቻ፣ ከቀበሌው ጓሮ፣
«ጥይት አይደለም የበላው፣» ትላለች እናቴ፣
«ስም የሌለው ጆሮ።»
ጆሮ ጠቢ ሲሉ፣ ልጅ ሆኜ፣
የሌሊት ወፍ ይመስለኝ ነበር፣
የተኛ ሰው ጆሮ ላይ የሚሰፍር።

ዛሬ ከመጋዘኑ ገባሁ፤
ከብርድ ልብሱ ክምር መሐል ተሸጎጥሁ፤
ደወልሁ።
ለዐረብኛ አንድ፣ ለእንግሊዝኛ ሁለት፤
ለወሎ ልጅ ቁጥር የለም። አንድን ተጫንሁ።

ሴትዮዋ ጨዋ ናት። አላቋረጠችኝም፤ ጻፈች፣
ማሽኑን፣ ሁለቱን ደብተር፣ ዓርቡን ሁሉ ጻፈች።
በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
«ስምሽ ይደበቅ ወይ?» አለች።

የማቀዝቀዣው ውሃ ባልዲው ውስጥ ጠብ... ጠብ...
«ሙንተሃ» አልኋት። «ሙንተሃ ይመር።
ፊደሉን እንዳትስቺ።»

ስወጣ አንዲት ልጅ ቆማለች፣ ቀዩን ብርድ ልብስ አቅፋ።
«መቶ አይደል?»
«መቶ አምስት።» ዓይኗን እያየሁ።

«ሙንቱ፣ ምሳ በላሽ?» አለኝ ጋሽ ሙዘይን፣
ከወረቀት የጠቀለለውን ሳምቡሳ ሲሰጠኝ።
እጄን ዘረጋሁ፤
ረስቼው፤
ቁጥሯ ከመዳፌ ላይ ቀና ብላ አየችው።