ሁለት ኦ

ባጃጄን አቁሜ ከመጋላው ደጃፍ፣
ኢፍቱ ታስጠናኛለች በራሷ መጽሐፍ።
«አባ፣ ይህን አንብብ» — ሁለት ኦ ተጣምሮ፣
የኋላ ጎማዬን መስሎ ተደርድሮ።

እኔ የማውቀው ፊደል ቤቱን አይለቅም፣
ሎ ካሉት ሎ ነው፣ ሲመሽ አይለወጥም።
በቁቤም ተጽፎ ሁለት ኦ ካየሁ፣
ድምፄን ሳብ አድርጌ ኦኦ ብዬ አልፋለሁ።

ይሄ ግን፣ አቦ፣ መላም የለው፤
ምግብ ሲሆን ፉድ፣ ረዘም ያለ ነው፤
እግር ሲሆን ፉት — ወላሂ፣ በእኛ አገር
ፉት የሚባለው ሻይ ነው፣ መች ነበር እግር!
ደግ ነገር ጉድ ነው። «ጉድ ነው!» አልኩ ከልቤ፣
ሳላውቀው ያን አንዱን አጥርቼ አንብቤ።

«ፍሉድ» አልኩኝ ቀጥዬ።
ጣቷን ከቃሉ ላይ አላነሳችም።
«ፍላድ ነው፣ አባ። ጎርፍ ማለት።»

በበሩ ክፍተት ደቻቱ ይታየኛል፤
አሸዋው ደርቆ፣ ልጆች ኳስ ይጠልዙበታል፣
ሽንኩርት የጫነ ጋሪ ያቋርጠዋል።
ቀን ያየው ሰው ሁሉ «መንገድ» ብሎ ያነበዋል።
እናቴም ያን ማታ እንዲያ ነው ያነበበችው፤
ሙቀቱን ፈርታ በሩን ገርበብ አድርጋ፣
አሸዋ ነው ብላ ተኛች።

ይህን ለኢፍቱ አልነገርኳትም።
ገጹን ገለጠች። ሌላ ሁለት ኦ።
«ቆይ» አልኳት፣ «ይሄኛውስ
ሲመሽ ምን ተብሎ ነው የሚነበበው?»