የሁለት ዩሮ ቬሎ

ሐምሌ ነው፤ ኢናሪ ሌሊት አታውቅም፣
ፀሐይዋ ዳር ዳሩን ትዞራለች እንጂ አትጠልቅም።
ባልዲዬን ይዤ ረግረጉ ውስጥ ገባሁ፣
ቢጫውን እንጆሪ ለቅሜ፣ በኪሎ ልሸጥ መጣሁ።

ድንኳን አልያዝኩም። ሱቅ ውስጥ አይቼዋለሁ፤
ዋጋውን ሳነብ ግን መነጽሬን አውልቄ ጠርጌዋለሁ።
ጠርጌም አነበብኩ፤ ቁጥሩ አልቀነሰም፣
ከወር አስቤዛ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው፣ አያንስም።
ደግሞስ ክብደቱ! ሦስት ኪሎ ጨርቅ፣ ካስማና ብረት፤
እስከ ቁርጭምጭሚት በሚውጥ መሬት
ቤትን አዝሎ መሄድ ለቀንድ አውጣ ነው እንጂ ለስልሳ ዓመት ሴት?

ዝናብ ይምጣ ግድ የለም፣ የላስቲክ ሸራ አለኝ፤
ብርድም ይምጣ፣ የወንድሜ ካፖርት አለኝ፤
ቢንቢው ነው ያልቻልኩት፣ ቢንቢው ነው ያሸነፈኝ።

እዚህ ቢንቢ ማለት አንድ ሁለት አይደለም።
አየር ነው። ስታዛጋ የምትውጠው ነው።
ወባ አያመጣም፤ ይኸ ብቻ ነው ደጉ፣
ሌላው ሁሉ ክፋት ነው፣ ከጥጉ እስከ ጥጉ።
የሚረጭ መድኃኒት ሞክሬያለሁ፤ ላብ ሲመጣ ይታጠባል፣
እንጆሪው ላይ ካረፈ ደግሞ ገዢው ቀምሶ ይቆጣል።
ጆሮ ሥር መጥቶ፣ «ጢዝ» ብሎ፣ ዝም ሲል ነው የሚያስፈራው፤
ጩኸቱማ ጎረቤት ነው፣ ዝምታው ነው የሚበላው።

ኢቫሎ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት አለ፤
በጎደሎ ሰሃንና በአሮጌ መጥበሻ መሃል አንድ ቬሎ ተንጠለጠለ።
ማን እንዳገባችበት እንጃ። ጫፉ ላይ የቀይ ወይን ጠብታ፤
«ሁለት ዩሮ» ይላል። ሻጯ ሽበቴን አየችና ሳቀች በዝምታ።
«እንኳን ደስ ያለዎት» አለች።
«ለባርኔጣ ነው» አልኳት።

ማታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ዓይኑን መረመርኩት በመብራት፤
ቢንቢ ቀርቶ ሐሜት አያልፍም በዚያች ቀዳዳ ጥበት።
በባርኔጣዬ ክፈፍ ዙሪያ በክር ሰፋሁት ደርቤ፣
ከታች የጫማ ማሰሪያ፣ አንገቴ ሥር እንዲጠብቅ አስቤ።
(ክፈፉ ሰፊ ይሁን፤ መረቡ አፍንጫ ከነካ
ቢንቢ በላዩ ቁጭ ብሎ ይጠጣል እስኪረካ።)
በወጥ ቤት ሚዛን ለካሁት፤ ሰማንያ ግራም፣ ሁለት እንቁላል አያህልም፤
ለዚህማ ብሎ ትከሻ አያጉረመርምም።

ተኛሁ። ከራሴ በላይ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ከቅርንጫፉ ክር፤
ክሩ ባርኔጣውን ይዞት፣ ፊቴ ተከልሎ በክብር።
ሺህ ሆነው መጡ፣ ሳይጠሩ ሰርግ እንደሚመጡ፤
ደጅ ቀሩ ዛሬ፣ ሳይበሉ ሳይጠጡ።

ቬሎ አጥልቄ አላውቅም።
ከአርቪ ጋር ያኔ ማዘጋጃ ቤት ፈረምን፤ ግራጫ ሹራብ ነበር የለበስኩት፤
አሁን የማላውቃት ሴት በተዳረችበት ነጭ ጭጋግ ውስጥ ሰማዩን አየሁት።
ደስ ይላል። ለምን እንደሆነ አልጠይቅም።

ከኩሬው ማዶ ኦይቫ አለ፤ አርባ ዓመት እዚህ የለቀመ፣
ፊቱን በጥድ ሬንጅ ለቅልቆ በጢስ ራሱን ያከመ።
ባርኔጣዬን ሲያይ ሳቀ፤ ሳል እስኪይዘው።
«ሙሽሪት፣ ሙሽራውን የት አደረግሽው?»

ጠዋት፣ ጠዋት ከተባለ፣ አንድ ዓይኑ ተደፍኖ መጣ፤
ከንፈሩ አብጦ ቃል ከአፉ በግድ ወጣ፦
«ራኬል... ያ ነገርሽ... ትራፊ የለውም ወይ?»
ትንሽ ዝም አልኩት። የትናንቱ ሳቅ ይቆይበት ብዬ፣ ትንሽ ይቆይ።

መቀስ አልነበረኝም፤ የእንጉዳይ ቢላዋ ነበረኝ።
የሙሽራ ጅራት ነው፣ መሬት የሚጠርግ፤ ብሰጠው ምን ሊጎድለኝ?
ከወገቡ ቆረጥኩት፤ የወይኑ ጠብታ ያለበት ለእሱ ደረሰው፤
የባልዲውን ሽቦ ነቅሎ፣ ክብ ሠርቶ፣ መረቡን አለበሰው።
አመሰግናለሁ አላለም። የለቀመውን ግማሽ ኪሎ
ባልዲዬ ውስጥ ገለበጠ፤ ሄደ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ በባለ ሽቦው ቬሎ።

በማግስቱ ሌሊት ሁለት ሙሽሮች፣ በኩሬው ግራና ቀኝ፤
አንዱ ያንኮራፋል፣ ሌላዋ እኔ ነኝ።
እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ፣
ከመረቡ ወዲህ፣ ከውስጥ፣ ከጆሮዬ ሥር፣
ጢዝ።

አንዲት ናት። በየት ገባች? ቢላዋው በተወው ክር?
እጄን ቀስ አድርጌ አነሳሁ።

ዝም አለች።