ነፋሱ ልክ ሲያልፍ

መጀመሪያ ላይ የጠፋብኝ የምግብ ጣዕም ነበረ።
«ጨው ረሳሽ» አልኳት ሐዊን፤
ቀመሰችው፣ አየችኝ፣ ዝም አለች።
ጨውማ ነበረው፤ ምላሴ ነው የከሰረ።

ከዚያ እንቅልፌ ሄደ፤
ስልኬን ከትራሴ ሥር ማሳደር በጀመርኩ በሦስተኛው ወር፣
«ሰርቨሩ ወደቀ» ባሉኝ ቁጥር፣
እሱን ሳነሣ፣ እኔ ስወድቅ ሳድር።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ የፍራንኮ ውሻ እንኳ ሲተኛ፣
እኔ ነበርኩ የማላውቀው ሰው ብር
መድረስ አለመድረሱን የምጠብቅ ዘበኛ።

ጥርሴን እያፋጨሁ እንደማድር
የነገረችኝ ሐዊ ናት።
ልደቷን እንደረሳሁ የነገረችኝ ራሷ እኅቴ ናት፤
ከሦስት ቀን በኋላ፣ ያለ ቁጣ፤
ብትቆጣኝ ይሻል ነበር፣ ቢያንስ እንባዬ በመጣ።

ድሮ ኮዱ ሲሠራልኝ ከወንበሬ ተነሥቼ እዘል ነበር፤
አቶ ጉተማ ከታች ቤት
በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሳቸውን ይመቱ ነበር፣
«ልጅቷ ዛሬም ቀናት!» እያሉ።
በኋላ ቢሠራም ባይሠራም አንድ ሆነብኝ፤
«ቤቱን ለቀቀች እንዴ?» ብለው ጠየቁ አሉ።
አልለቀቅኩም። እዚያው ነበርኩ፤
አንዷን መስመር አምስት ጊዜ አነብባለሁ፣
በስድስተኛው የጻፍኳት እኔ መሆኔን አያለሁ።

«ስንፍና ነው» ብዬ ራሴን ከሰስኩ፤
ከሳሽ እኔ፣ ዳኛ እኔ፣ ምስክር አልጠራሁ።
ቅጣቱም ቅዳሜን መጨመር ሆነ፤
ይግባኝ ባልኩ ጊዜ እሑድም ተጨመረ።

የገባኝ ባጃጅ ውስጥ ነው።
ከፖስታ ቤት ተሳፍሬ፣ አቧራው አስፋልቱን እያጠበው፣
«ደርሰናል» አለኝ ልጁ።
በሬን አየሁት፤ ሰማያዊ ነው፣ ቁልፉም በእጄ ነው፤
እግሬ ግን እምቢ አለ።
«ደርሰናል፣ እኅቴ።»
«ትንሽ ንዳ» አልኩት።
«ወዴት?»
«ወደ ፈለግክበት።»
በስፖኪዮ አየኝ፤
ሌላ አልጠየቀም፤ ማርሽ አስገባ።

ከተማው ባለቀበት፣ ግራሩ ወደ አንድ ጎን በተንጋደደበት አቆመ።
የዚያን ቀኑ ነፋስ ብቻ አልነበረም፤ ቆርቆሮ የሚነቅል ነገር ነበር።
ከኮረብታው ጫፍ የነጫጮቹ ማማዎች ክንፍ ይሽከረከራል፤
ሁለቱ ግን ቀጥ ብለዋል።
«ተበላሽተው ነው?»
«ኧረ ደህና ናቸው። እኅቴ ኦብሴ እዚያ ነው ሥራዋ።
ነፋሱ ልክ ሲያልፍ ክንፋቸውን በጠርዙ አዙረው ይቆማሉ፤
ያለዚያ ይሰበራሉ።»
«ማን ያቆማቸዋል?»
«ራሳቸው። ሲሠሩ አብሮ የተሠራላቸው ነው።»

ሣቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ፣ የሚያስቅ ነገር ሳይኖረው።
እኔ'ኮ እንዲህ ያለውን በእጄ እጽፋለሁ፤
ጥያቄ ሲበዛበት ሲስተሙ እንዳይሞት፣
«እባክዎ ጥቂት ቆይተው ይሞክሩ» የሚለውን ቃል
ያኖርኩለት እኔ ነኝ።
ለማሽን የራራሁትን
ለገዛ አናቴ ሳልጽፍ ሁለት ዓመት አለፈኝ።

ሰኞ ለአለቃዬ ለኤርሚያስ ነገርኩት፣ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ፤
«የሌሊቱን ጥሪ ለአራት እንካፈል፤ እኔ ልሰበር ነው።»
«ይታሰብበታል» አለ።
ይታሰብበታል ማለት ምን እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን።
ማክሰኞም ነገርኩት። ሐሙስም።
በሦስተኛው ሳምንት ተራው ወጣ፣ የራሱንም ስም አስገብቶ፤
ለካ እሱም ማታ ማታ ጥርሱን ያፋጭ ኖሯል።

አሁን ተራዬ ባልሆነ ሌሊት ስልኬ
በሐዊ ቁም ሳጥን፣ በሻርፕ ተጠቅልሎ ያድራል።
አንዳንዴ በሌለበት ሲነዝረኝ እነቃለሁ፤
እጄ ትራሴን ይዳብሳል።
ድኛለሁ አልልም።
አቶ ጉተማም መጥረጊያቸውን ገና አላነሡም።

ትናንት ማታ ግን፣ ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልውጥ፣
«ሐዊ» አልኳት፣
«ዛሬስ ጨው አበዛሽ።»