አልጋ ወራሽ

በባሕሬን፣ ዓዋሊ፣ ከዘይቱ ቧንቧ ዳር፣
ኩባንያው የረሳው አንድ ሽማግሌ ነበር።
«ስድስተኛው ባሮን፣ የኪልቫራ ጌታ»
ይለኛል፣ ደረቱን በጣቱ እየመታ።
እኔም «እሺ ጌታው፣ አፍዎን ይክፈቱ፤
ነጩን ክኒን ይዋጡት፣ አለፈ ሰዓቱ።»

ታሪኩን እንደ ሰው አይጀምር ከመነሻው፤
በመርፌና በሾርባ መሃል ነው የሚመጣው።
የፊተኛው ባሮን ካየርላንድ ሸንጎ ሳለ
ሸንጎው ይዘጋ ቢባል «ይዘጋ፣ ይዘጋ» አለ።
የማዶው ንጉሥ ፈጥኖ ወረቀት ላከለት፤
ላንዲት ቃል አንድ ማዕረግ፤ ደግ ዋጋ ወጣለት።
ሁለተኛው ጫካውን ለፈረስ ውርርድ አስያዘ፤
ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ምላሱ ተያዘ።

ያን ሰሞን ትኩሳቱ ጨምሮ አርባ ገባ፤
ሌሊት ሲቃዥ ሰማሁት፣ «ድንጋይ... ድንጋይ... ሾርባ...»
ድንች ካፈር ሲበሰብስ፣ ጭሰኛው ሲያልቅ በረሃብ፣
ጌታው ግንብ አስካበ፣ የትም የማይደርስ ካብ፣
ለቀን ሙሉ ድንጋይ አንድ ጭልፋ እየሰፈረ።
የኔም አባት አያት ጭሰኛ ነበረ።
በማግስቱ ሾርባውን ይዤ ደጃፉ ላይ ቆየሁ፤
ቀዘቀዘ።
መልሼ አሞቅሁትና ሰጠሁ።

ካራተኛው ዘመን፣ ቤቱ ሲነድ በሌሊት፣
የተረፈው ማንኪያ ነው፣ ሳቢሳ የተቀረጸበት፤
እሱንም በጥርስ ሳሙና አሸዋለሁ በየሳምንት።
አምስተኛው፣ አባቱ፣ ቧንቧ ሊበይድ መጣ፣
ማዕረጉን ከካልሲ ጋር ጠቅልሎ በሻንጣ።

ወንድ የለውም። ሁለት ሴት፤ ማዕረጉ ሴት አያውቅም።
«የስምሽ ፍቺ ምንድነው?» አለኝ አንድ ቀን፤ አልደበቅሁም፦
«ያልጋነሽ። በኛ አገር አልጋ መኝታም ነው፣ ዙፋንም።»
ሳቀ፤ እስኪያስለው ሳቀ፤ ጀርባውን ደገፍሁለት፤
«አልጋ ወራሹ ተገኘ!» አለ፤ ትራሱን አስተካከልሁለት።

በነሐሴ ወበቅ፣ ኤሲው እያጓራ፣
አረፈ ስድስተኛው፣ የመጨረሻው ተራ።
ታላቅ ልጁ ላንድ ቀን መጥታ ማንኪያውን ወሰደች፤
«ከመዝገቡ ላይ ‹ጠፋ› ይባላል» ብላኝ፣ መብራቱን አጥፍታ ወጣች።

አልጋውማ የኪራይ ነው፤ ከሪፋ መድኃኒት ቤት
መጡ፤ ፈታቱት፤ ምንጣፉ ላይ አራት ስርጉድ ቀረበት።
ሰውየው ደረሰኝ ዘረጋ፦ «አስረካቢዋ አንቺ ነሽ?»
እስክሪብቶው እምቢ አለ። ነቀነቅሁት። ጻፍሁ፦
ያልጋነሽ።