ባዳ ጥርስ

ስምንት ጥያቄ ነው ወረቀቱ ላይ ያለው፤
ከንፈር፣ ምላስ፣ ድድ፣ ምራቅ፣ ጥርስ፣
ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ንጽሕና፣ ሕመም።
ዜሮ ለደህና፣ አንድ ለሚያጠራጥር፣ ሁለት ለታመመ፤
ለሌሊት ተረኛ አምስት ደቂቃ ነው፣ ባትሪው ካልደከመ።

ሌይሪያ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የአረጋውያን ክፍል፤
ዝናብ መስኮቱን ይደበድባል።
አልጋ ዐሥራ ሦስት፣ ሴኞር ቤልሚሮ ተኝተዋል።
መዝገባቸው አጭር ነው፦ «ምግብ እምቢ ብለዋል።
አይናገሩም። ግራ ገብቷቸዋል።»
ዘጠኝ ቀን፣ ዘጠኝ እጅ፣ አንድ ዓይነት ጽሑፍ፤
ሁላችን የጻፍነው ስለ አፋቸው ነበር፣
ማናችንም አላየንም አፍ።

መስታወት ነፊ ነበሩ ማሪንያ ግራንዴ፣
ጥርሳቸውን የነቀሉበት ሙያ፤
ከዐሥራ አንድ ዓመታቸው ጀምሮ እቶን ፊት ቆመው
የቀለጠ አሸዋ በትንፋሽ ሲያሳድጉ፣
ስንቱን የወይን ብርጭቆ፣ ስንቱን የመድኃኒት ጠርሙስ
ከሳንባቸው ሲያወጡ።
«አባዬ በአፉ ነው ያሳደገን» አለችኝ ልጃቸው ኦዴት፣
ጃንጥላዋን እያራገፈች።

ያ አፍ አሁን የከሰረ ሱቅ ነው።
በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤
ማንኪያም አይገባም።

«ሴኞር ቤልሚሮ፣ ይፍቀዱልኝ» አልኩ፤
ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ አራስኩ፣
ጠበቅኩ።
(ለመክፈት የሚቸኩል ይነከሳል፤
ይህን የተማርኩት በጣቴ ነው።)
ቀስ ብሎ ተከፈተ።
ሽታው ቀድሞ ወጣ፣ ሳምንት እንደ ቆየ የአበባ ውሃ።

ከንፈር፦ የተሰነጠቀ። ሁለት።
ምላስ፦ ዐመድ የለበሰ። ሁለት።
ምራቅ፦ እንደ ሙጫ ክር የሚጎተት። ሁለት።
ከዚያ ጣቴን በጎን አስገብቼ
የላዩን ጥርስ አላቀቅኩት፤
ከሥሩ የሩዝ ፍሬ፣
ከሩዙ አጠገብ ግማሽ ክኒን፣
የሰኞ ይሁን የማክሰኞ እንጃ፣
እኛ «ወስደዋል» ብለን የፈረምንበት።
ከክኒኑ ጀርባ፣ ድዳቸው ላይ፣
ምስር የምታህል ቁስል፣
እንደ እቶን አፍ የምትግል።

ቧንቧ ሥር አጠብኩት።
በብሩሽ ሳገላብጠው
ሁለት ፊደል ተቀርጾ አየሁ፣
ሁለቱም የቤልሚሮ አይደሉም።
ጁ. ታ.
ጁስቲኖ ታቫሬስ። አልጋ ዐሥራ አራት።
ሐሙስ ያረፉት፣
ቅዳሜ በጥቁር ሱፍ፣ በተወለወለ ጫማ የተቀበሩት።
ባለቤታቸው ደጋግመው የሳሙት ፈገግታ
የቤልሚሮ ነበር።

ጥርስ ባዳ ነው ይላሉ፣ ሐዘን ላይም ይስቃል፤
ይህ ግን ባሰ፤
አንዱ በሰው አፍ ገብቶ ድድ ሲበላ ሰነበተ፣
ሌላው የሰው ሬሳ ተከትሎ አፈር ለበሰ።

የዛሬ ዘጠኝ ቀን ሁለት ኩባያ ነበር፣
አንድ መደርደሪያ ላይ፣
ሳሙናው አንድ፣
እጁም አንድ፤ የእኔ።
የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤
የእጅስ?

ተመልሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፤
ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው።
ጣራውን አዩ።
ባዶ ድዳቸውን በምላሳቸው ዳሰሱ፣
እንግዳ የሸኘ ሰው ቤቱን እንደሚዞር።
ከዚያ የዘጠኝ ቀን የመጀመሪያው ቃል፦
«ጁስቲኖ?»
«አዎ።»
«በካርታ ያሸነፍኩት ሠላሳ ዩሮ አለበት፤
አሁን ደግሞ ጥርሴን!»
ሳቁ ጉንጫቸው ውስጥ ተጠራቀመ፣
እንደ ድሮው ተነፋ፣
እፍ አሉት፣ የያዝኩት ባትሪ ላይ፤
መስታወቱ ደበዘዘ፣
ክፍሉ ለአፍታ ጭጋግ ሆነ።

ሾርባ ጠየቁ። ለብ ያለ፣ ድንቹ የደቀቀ።
ግማሽ ሳህን፣ ቁስሏን በቀኝ በኩል እየሸሹ።

ድምሩን ጻፍኩ። ዐሥራ አንድ።
ከስምንተኛው መስመር በታች፣ ለፊርማ በተተወው ቦታ
በእስክሪብቶ ዘጠነኛ ጨመርኩ፦
«የማን ነው?»

ጠዋት ሁለት ሰዓት።
የሴኞራ ዜፌሪና ቁጥር መዳፌ ላይ ተጽፏል፣
የጁስቲኖ ባለቤት።
ስልኩ ይጠራል።
አንድ ሰው ከወዲያ ማዶ ወንበር ስቦ ይነሣል።
ልጀምር፣
በምን አፌ?